ጋሼ ገለባውን ፈተሹት፦ የቪስታው የአሮጌ ሞተሮች ሙዚየም

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ወሬው ከዚያ ይቀጥላል። ሳንዲዬጎ ወይም ሎስ አንጀለስ አካባቢ ካላችሁ፣ ከሀገር ቤት የመጣ አባት ወይም አጎት ሳሎናችሁ ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ እያየ ከሆነ፣ ቪስታ ወደምትባለው ከተማ ይዛችሁት ሂዱ። ግን በተገኘው ቀን አይደለም። በትርኢታቸው ቅዳሜና እሁድ ነው መሄድ ያለባችሁ። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንዴ ሄጄ ነበር፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ቦታው አንቲክ ጋዝ ኤንድ ስቲም ኢንጂን ሙዚየም ይባላል። የድሮ የቤንዚንና የእንፋሎት ሞተሮች ሙዚየም እንደማለት ነው። ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ሞተር ብቻ መስሎኝ ነበር። ዋናው ነገር ግን የእርሻ መሣሪያ ነው፦ ትራክተር፣ ማጨጃ፣ መውቂያ፣ መዝሪያ፣ ማረሻ በየዓይነቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ከአሰላ መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። 70 ዓመት አልፏቸዋል። ወጣትነታቸውን አርሲ ውስጥ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዱ፣ በኋላም እያጨደ የሚወቃው ኮምባይነር ላይ ሲሠሩ ነው ያሳለፉት። እኛም እንግዳ ሲመጣ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግን። ባሕር ዳርቻ ወሰድናቸው። «ውሃ ነው» አሉ። መሀል ከተማ ወደብ ላይ የቆመው ሚድዌይ የሚባለው የጦር መርከብ ላይ አወጣናቸው። ደረጃው ጉልበታቸውን አሳመማቸው። መካነ አራዊት ሄድን፤ ዝሆኑን ትንሽ አይተው «ይሄ በቀን ስንት ይበላል?» ብለው ጠየቁና ቤት እንሂድ አሉ። ትንሽ ደስ ያላቸው ኮስትኮ ብቻ ነው፤ እሱም ጎማ የሚሸጥበት በኩል።

ስለ ሙዚየሙ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። «አጎትህ ትራክተር ይነዱ ነበር አላልከኝም?» አለች። እውነቷን ነው፤ እኔ እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም። ሰው አሜሪካ ሲመጣ ማየት ያለበት የአሜሪካን ነገር ነው ብለን ነው መሰለኝ የምናስበው። የራሱን ሥራ ማየት ይፈልግ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መጀመሪያ የሄድነው በሥራ ቀን ነው። ቅያሪ ዕረፍት ነበረኝና ሳልጠይቅ፣ ሳላጣራ፣ ጋሼን መኪና ውስጥ አስገብቼ ነዳሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግቢው ጸጥ ብሏል። ማሽኑ በረድፍ በረድፍ ቆሟል። ልጄ በ20 ደቂቃ ውስጥ አይፓዷን ጠየቀች። ጋሼ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ መስክ እንደሚገመግም የእርሻ ኃላፊ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳሉ። ጎንበስ ብለው ከሥር ያያሉ። አንዱን ቡሎን በጥፍራቸው ፈቀቅ አድርገው ዝገቱን ያሸቱታል። አንድ የተበታተነ ሞተር ጋ ስንደርስ ሱሪው ግራሶ የጠጣ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ቫልቭ ይሞርዳል። ቀና ብሎ አየንና «በኦክቶበር ተመለሱ፤ ያን ጊዜ ይጮሃሉ» አለን። ተረጎምኩላቸው። ጋሼ «ይሠራሉ ማለት ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። በመኪና እስክንመለስ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ማታ ግን ኦክቶበር በእኛ ስንት ቀን እንደቀረው ጠየቁኝ።

እንግዲህ ስለ ቦታው የማውቀውን ላስቀምጥ። ሙዚየሙ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የትርፍ ድርጅት አይደለም። መሬቱ የሳንዲዬጎ ካውንቲ ነው፤ ወደ 55 ኤከር ይሆናል፣ በእኛ 22 ሄክታር ገደማ። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የሚያድሱት፣ የሚቀቡት፣ የሚያስነሱት፣ በር ላይ ቆመው የሚቀበሏችሁ፣ ቆሻሻ የሚያነሱት ማለቴ ነው። ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ሜዳው ላይ ራሳቸው እህል ይዘራሉ፤ ሲደርስ በነዚያው አሮጌ መሣሪያዎች ያጭዳሉ፣ ይወቃሉ። በዓመት 2 ጊዜ፣ በጁንና በኦክቶበር፣ ትልቁን የውቂያ ትርኢት ያደርጋሉ። ልማዳቸው በወሩ ሦስተኛና አራተኛ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ቢሆንም እንደ እኔ እንዳትሆኑ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ቀኑንም ዋጋውንም ድረ ገጻቸው ላይ እዩ።

ሳንዲዬጎ ውስጥ ካለው ሲቲ ሃይትስ ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። በ15 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ 78 የሚባለውን መንገድ ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከዚያ ኖርዝ ሳንታ ፌ ጎዳና ላይ ታገኙታላችሁ። መኪና ለሌለው ስፕሪንተር የሚባለው ባቡር ቪስታ ይቆማል፤ ከጣቢያው ግን ሌላ መጓጓዣ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጨዋታው።

በኦክቶበር ስንመለስ ገና መኪና ከማቆማችን በፊት ነው ድምፁ የመጣው። ጧ! ከዚያ ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ፣ ፍስ። ከዚያ ጧ! አንድ ብቻ አይደለም፤ በመቶ ሜትር ውስጥ ስንትና ስንቱ በየራሱ ምት ይተኩሳል። ልጄ ጆሮዋን ያዘች። ጋሼ ቀበቷቸውን ሳይፈቱ በሩን ከፈቱ።

እነዚህ ትንንሾቹ፣ መሬት ላይ ወይም ጋሪ ላይ የተቀመጡት፣ በግራና በቀኝ ትልልቅ ቮላኖ፣ ማለትም የሚሽከረከር ከባድ የብረት ጎማ፣ ያላቸው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ናቸው። የሚገርመኝ አሠራራቸው ነው። ሞተሩ አንዴ ይተኩሳል። ከባዱ ቮላኖ በዚያች ግፊት ይሽከረከራል። ፍጥነቱ በቂ እስከሆነ ድረስ የጭስ መውጫው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ነዳጅ አይገባም፣ አየር ብቻ ይመላለሳል፤ ፍስ ፍስ የሚለው እሱ ነው። ሲደክም ብቻ እንደገና ይተኩሳል። ሥራ ከሰጡት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይተኩሳል። ማለትም ካልሠራ አይበላም። ጋሼ ይሄ ሲገባቸው ሳቁ። «ይሄንን የቀበሌ ሊቀ መንበር ማድረግ ነበር» አሉ። የዱሮ ሰው ቀልድ ነው፣ ይቅር በሏቸው።

ከኤሌክትሪክ በፊት ገጠር ውስጥ ውሃ የሚስበው፣ በቆሎ የሚፈለፍለው፣ እንጨት የሚቆርጠው፣ ልብስ ማጠቢያውን ሳይቀር የሚያዞረው እንዲህ ያለ ሞተር ነበር። ሁሉም በቺንጋ። አንድ ሞተር፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ቺንጋ፣ ዛሬ ፓምፑ ላይ፣ ነገ ወፍጮው ላይ። እኛ ሀገር ገጠር ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ሲያይ ወዲያው የሚመጣበት የእህል ወፍጮ ቤት ነው። እኔ ራሴ የዱቄቱ ሽታ መጣብኝ፣ እዚያ ዱቄት ሳይኖር።

ቀጥሎ ትራክተሮቹ። እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አልተስማማንም። እኔ አዲስ የተቀቡትን ነው የምወደው፤ ቀይ ፋርሞል፣ አረንጓዴ ጆን ዲር፣ ቢጫ ካተርፒላር፣ ከፋብሪካ ትናንት የወጣ የሚመስል። ጋሼ ፎቶ እንኳ ከነሱ ጋር አልነሳም አሉ። «ይሄ ለሠርግ ተኩሎ የቆመ ነው። የሠራ ትራክተር ፊቱ ይታወቃል» ብለው ቀለሙ የለቀቀ፣ መቀመጫው ላይ ጆንያ የታሰረበት አንዱን መርጠው አጠገቡ ቆሙ። ደግሞ ቀለሙም ቢሆን የምናስበውን ያህል የጥንት አይደለም። ካተርፒላር መጀመሪያ ግራጫ ነበር፤ ቢጫ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ፋርሞልም በ1924 ሲወጣ ግራጫ ነበር፤ ቀዩ የመጣው በ1936 ነው።

የካተርፒላርን ነገር ካነሳሁ፣ ይሄ ማሽን የካሊፎርኒያ ልጅ ነው። ስቶክተን አካባቢ ያለው የወንዝ ዳር መሬት አተላ ነገር ነው፤ ለስላሳ፣ ጥቁር፣ ረግረግ። ከባዶቹ የእንፋሎት ትራክተሮች ይሰምጡበታል። ጎማውን አሰፉት፤ አልሆነም። ቤንጃሚን ሆልት እ.ኤ.አ. በ1904 ጎማውን ጭራሽ አውልቆ በእንጨት ሳንቃ የተሠራ ሰንሰለት ገጠመለት፤ ማሽኑም ሳይሰምጥ ሄደ። ሲሄድ ሲያዩት አባጨጓሬ ይመስላል ተባለ፤ ስሙ ከዚያ ቀረ። በ1925 የሆልት ኩባንያ ከተፎካካሪው ከቤስት ጋር ተዋሕዶ ነው ካተርፒላር የሚባለው ኩባንያ የተወለደው። ይሄን ለጋሼ ሳወራላቸው ግማሽ ላይ አቋረጡኝ። «ኮቲቻ ነው የምትለኝ?» አሉ። አርሲ ውስጥ ኮቲቻ የሚሉት፣ ሌላ ቦታ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ነው። ቤላሩሳቸው እስከ ሆዱ ሰምጦ ሦስት ቀን ጥለውት እንደሄዱ ነገሩኝ። ሆልት ማን እንደሆነ ግድ የላቸውም፤ የአፈሩን ነገር ግን ከእኔ በላይ ገብቷቸዋል።

ቤላሩስ ስል፣ የሶቪየቶቹ ትራክተር ነው፤ ናዝሬት ያለው ፋብሪካ ይገጣጥመው የነበረው። ጋሼ ግቢውን ሁሉ ፈልገው አንድም አላገኙም። ትንሽ ቅር አላቸው። «የሁሉንም አምጥተው የኔን ተዉት» አሉ። እንግዲህ እዚህ የተሰበሰበው የአሜሪካ ገበሬ የነዳው ነው፤ ምን ይደረግ። ግን ፎርድሰን አገኘን። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ ያመረተው፣ ለድሃ ገበሬ ትራክተር እንዲደርሰው ያደረገው። በቤንዚን ተነስቶ ሲሞቅ ወደ ላምባ ይቀየራል። ይሄም ማሽን ክፉ ጠባይ ነበረው። የሚጎትተው ነገር ሲይዘው የፊቱ ተነስቶ ወደ ኋላ ይገለበጥና ሾፌሩን ይጫነዋል፤ ብዙ ሰው ገድሏል። ጋሼ ይሄን ሰምተው ፎርድሰኑን ራቅ ብለው ዞሩት፣ የሚራገጥ በቅሎ እንደሚዞሩት።

የእንፋሎቱንም ሁሉም ሰው ማየት አለበት። ማለዳ እሳት ተነድዶ፣ ውሃው ሞቆ፣ ግፊቱ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጃል፤ እንደ ጠላ ጥንስስ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ከመኪና የለመድነው ቁልፍ ማዞር እዚህ የለም። ቀልድም የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኦሃዮ ውስጥ፣ ሜዲና ካውንቲ፣ በ1918 የተሠራ ኬዝ የሚባል አንድ የእንፋሎት ትራክተር ትርኢት ሜዳ ላይ ፈንድቶ 5 ሰው ገድሏል። ቦይለሩ ሳስቷል፣ ውሃው ጎድሏል። ስለዚህ የእንፋሎት ማሽን የሚይዝ ሰው ወሬ ሲያወራችሁም ዓይኑ የውሃ መለኪያው መስታወት ላይ ቢሆን እንዳትቀየሙት።

እሺ፣ ውቂያው። ለዚህ ነው የተጻፈው ሁሉ።

እኛ ስናድግ ያየነው ውቂያ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አውድማው ይለቀለቃል። ነዶው ይበተናል። በሬዎቹ ይዞሩበታል፤ ሲዞሩ ከሰዓት ይሆናል። በመንሽ ይገለባበጣል። ከዚያ ነፋስ ሲመጣ በላይዳ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ፍሬው ይወድቃል፣ ገለባውና እብቁ ይሄዳል። ነፋስ ከሌለ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። አሁን ይሄንን ሁሉ፣ በሬውን፣ መንሹን፣ ነፋሱን፣ ወንፊቱን፣ አንድ ትልቅ የላሜራ ሳጥን ውስጥ አስገቡት። የመውቂያ ማሽን ማለት ያ ነው። በአንድ በኩል ነዶ ይጎርሳል። ውስጡ ጥርስ ያለው ከበሮ አለ፤ በሬው እሱ ነው። ገለባውን እያንቀጠቀጠ ወደ ኋላ የሚያስኬድ አለ፤ መንሹ እሱ ነው። ማራገቢያው እብቁን ያበርራል። ፍሬው በወንፊት ወርዶ በጎን በኩል ጆንያ ውስጥ ይገባል። ገለባው በትልቅ ቱቦ ወደ ኋላ ተተፍቶ ይከመራል። ሳጥኑ የራሱ ሞተር የለውም። ራቅ ብሎ የቆመ ትራክተር በረጅም ቺንጋ ያዞረዋል። ቺንጋው መሀሉ ላይ እንደ ስምንት ቁጥር ተጠማዟል። የረዘመውም በከንቱ አይደለም፤ በእንፋሎት ዘመን የእሳቱ ፍንጣሪ ገለባው ላይ እንዳይደርስ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ነዶ የሚያስረው ማሽን አለ። እያጨደ፣ እየሰበሰበ፣ በሲባጎ ቋጥሮ ይጥላል። ቋጠሮውን የምትሠራው ብረት የወፍ መንቁር ነው የምትመስለው። ጋሼ እሷን ብቻ 15 ደቂቃ ያህል አዩዋት። ሰውዬው በእጁ ቀስ አድርጎ እያዞረ አሳያቸው፤ መንቁሩ ይዞራል፣ ሲባጎውን ይነክሳል፣ ይጎትታል፣ ቋጠሮ ሆነ። «እንደገና» አሉ ጋሼ በአማርኛ። ሰውዬው ሳልተረጉምለት እንደገና አዞረ።

ውቂያው ሲጀመር ሰው ሁሉ ከፊት ነው የቆመው፣ ነዶ የሚገባበት በኩል፣ ፎቶ የሚያምርበት። ጋሼ የሉም። ደነገጥኩ፤ ስፈልጋቸው ከኋላ፣ ገለባው የሚወርድበት ጋ፣ ገመዱ ድረስ ሄደው ቆመዋል፤ ኮታቸው፣ ኮፍያቸው፣ ሽበታቸው ገለባ ብቻ ሆኗል። ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ገለባ አነሱ። መዳፋቸው ላይ አሹት። እፍ አሉበት። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡና ቆጠሩ።

አርሲ ወይም ባሌ ኮምባይነር ተከራይቶ የሚያውቅ ገበሬ ይሄን ያውቀዋል። ኮምባይነሩ ማሳው ላይ ሲሄድ ባለ ማሳው ከኋላ ይከተላል፤ ገለባውን ይፈትሻል፤ ፍሬ ካገኘ ሾፌሩ ላይ ይጮሃል፣ ሾፌሩ እህሉ አልደረቀም ይላል፣ ባለ ማሳው አንተ ትቸኩላለህ ይለዋል፣ ጠቡ ይቀጥላል። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሚጮህባቸው ሾፌር ነበሩ። አሁን በተራቸው ባለ ማሳ ሆኑ።

አንድ በጎ ፈቃደኛ አያቸውና መጣ። ይከለክላቸዋል ብዬ ተሯሯጥኩ። አልከለከላቸውም። «ስንት?» አለኝ፤ ስንት ፍሬ ነው ያገኙት ማለቱ ነው። ጋሼ አራት ጣታቸውን አሳዩት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ ገና ሲነሳ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ሙሉ አልደረሰም አለ። እስኪደርስ ጠብቀው ሁለተኛ እፍኝ አነሱ፤ እሱም የራሱን አነሳ። ሁለቱም አሹ፣ ሁለቱም እፍ አሉ። ጋሼ ምንም አላገኙም። ሰውዬው አንድ አገኘና ለጋሼ አሳያቸው፤ ጋሼ ፍሬዋን ወስደው በጥርሳቸው ሰበሯት። «ደርቋል። ደህና ነው» አሉ። ይሄንን ተረጎምኩ።

ከዚያ የጋሼ ጥያቄ መጣ። «ጭዱንስ ምን ያደርጉታል?» እኔ ስለ ማሽኑ የሚጠይቁ መስሎኝ ነበር። ጭንቀታቸው ጭዱ ነው። እኛ ጋ ጭድ ከብት ይበላዋል፣ ለቤት ግድግዳ ከጭቃ ጋር ይቦካል፣ ይሸጣል፤ ባለ ጭድ ሰው የሚከበርበት ወቅት አለ። ሰውዬው ለከብት መኝታም ይሆናል አለ። ጋሼ «መኝታ?» አሉ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ገለባውን በጣታቸው ለክተው ይሄ በጣም ረጅም ነው፣ በበሬ የተወቃው ደቆና ለስልሶ ነው ከብት የሚወደው፣ ማሽን የወቃውን ግን ላም እንኳ አሽትታ ትተወዋለች ብለው ረጅም ትምህርት ሰጡ። ግማሹን ነው የተረጎምኩት፤ ሰውዬው ግን ሁሉንም እንደሰማ ሰው አንገቱን ሲነቀንቅ ነበር።

ስለ ትራክተር ስናወራ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያቃጥለኛል። እዚህ ግቢ ውስጥ ሁሉ ነገር ያምራል፤ ፀሐዩ፣ ቀለሙ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሎች። ትራክተር ግን ሁልጊዜ ደስታ ይዞ አልመጣም። በፈረንጅ 1967 አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ ከስዊድኖች ጋር ካዱ የሚባለው ፕሮጀክት ተጀመረ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ ማገዝ ነበር። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ትርፍ ሲያመጣ ባለ መሬቶቹ ዓይናቸው ተከፈተ፤ ትራክተር አስገቡና ጭሰኛውን አስወጡት። የጋሼ አባት፣ ማለት የኔ አያት፣ ከወጡት አንዱ ናቸው። በእኛ 1967 ደግሞ የመሬት አዋጁ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ጋሼ አባታቸውን ባስወጣ ማሽን ዓይነት ላይ ሾፌር ሆነው ተቀጠሩ። ይሄን የነገሩኝ ሳንዲዬጎ ቤታችን ውስጥ አይደለም። እዚያው ቪስታ፣ አንድ ጆን ዲር ሞዴል ዲ አጠገብ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ሳንድዊች እየበላን ነው። ሞዴል ዲ እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1953 ነው የተመረተው፤ 30 ዓመት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ፖክ ፖክ እያለ። ጋሼ ድምፁን እየሰሙ «አባቴ ትራክተር ሲሰማ ይተፋ ነበር» አሉ። «እኔ ግን ወደድኩት። ምን ላድርግ?»

መልስ አልነበረኝም። ሳንድዊቹን ጨረስን።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። የአንጥረኞች ቤት አለ፤ ከሰል፣ መስፍ፣ መዶሻ፣ ሁሉም በሥራ ላይ። ትምህርትም ይሰጣሉ። ይሄን ሳይ የገረመኝን ልናገር፦ እኛ ጋ ብረት የሚቀጠቅጥን ሰው ቡዳ ብለን ከሰርግ ስናገልል ኖረን፣ ማረሻውን ግን ከእጁ ስንቀበል ኖረን፣ እዚህ ደግሞ ሰው ያንኑ ለመማር ገንዘብ ከፍሎ ይመዘገባል። የሸማኔዎች ቤትም አለ። ባለቤቴ ከዚያ አልወጣችም። የእግር መርገጫ ያለው የእንጨት መሸመኛ ስታይ ሽሮ ሜዳ የገባች ነው የመሰላት፤ እዚህ ግን የሚሸምኑት ሴቶች ናቸው። ልጄ የወደደችው የትንንሽ ባቡሮቹን ቦታና በቀን ውስጥ የሚደረገውን የትራክተር ሰልፍ ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ በቀስታ ነው፤ ግን ለልጅ ጥሩ ነው።

ስለ ሰዎቹ ትንሽ ልጨምር። ጽሑፍ እያነበባችሁ አትዙሩ፤ ሰው ጠይቁ። እያንዳንዱ ማሽን አጠገብ የሆነ ሰው ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ለ50 ዓመት ያህል የማይመረት ማሽን መለዋወጫ የት ይገኛል ብዬ አንዱን ጠየቅኩት። ከሌላ የሞተ ማሽን ይፈታል፤ ካልተገኘ ይሠራል አለኝ። ከመሬት የወጣ፣ ዛፍ የበቀለበት ብረት ያመጣሉ፤ የተጣበቀውን ፒስተን ዘይት አጠጥተው ወራት ይጠብቁታል፤ ኩሽኔታውን ራሳቸው አቅልጠው ያፈሱታል። ማንም አይከፍላቸውም። ጋሼ ይሄን ማመን አቃታቸው። «ውሎ አበልስ?» አሉ። የለም አልኳቸው። «ምሳስ?» እሱን አልጠየቅኩም። ጋሼ ትንሽ አስበው ደቦ መሆኑ ነው አሉ፤ ግን ለደቦም ጠላ ይኖራል።

ለማን አይሆንም? ጩኸት ለማይወድ አይሆንም። ሕፃን ልጅ ካላችሁ የጆሮ መከላከያ ያዙ። ነጭ ጫማ አታድርጉ፤ መሬቱ አፈር ነው፣ ገለባ አለ፣ ዘይት አለ። ኦክቶበር እዚህ ያቃጥላል፤ ኮፍያና ውሃ የግድ ነው። አስም ያለበት ሰው ከመውቂያው ኋላ እንዳይቆም፣ ጋሼ ማታውን ሙሉ ነው ሲያስነጥሱ ያደሩት። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ማለዳ ድረሱ፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ እግር ያደክማል። ምግብ ይሸጣል፣ እኛ ግን ዳቦና ቆሎ ይዘን ሄድን፤ ቆሎውን የቋጠሮ ማሽኗ ባለቤት ቀምሶ ወደደው፣ ከዚያ ጥሬ ስንዴ በምን እንደሚቆላ ሲጠይቀኝ የባለቤቴን ምጣድ ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ከመውጣታችን በፊት ጋሼ ስልኬን ጠየቁኝ፤ አሰላ ላለው የዱሮ የሥራ ባልደረባቸው ቪዲዮ ሊልኩ። ሰጠኋቸውና መኪና ላመጣ ሄድኩ። ማታ ቤት ገብቼ ሳየው 11 ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ትራክተር የለበትም፣ ሰልፍ የለበትም፣ ሰው የለበትም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቱቦው የሚተፋው ገለባ ብቻ ነው። በማግስቱ ሰውየው ደወሉ። ድምፃቸው ከሳሎን እስከ ኩሽና ይሰማል፤ ይሄ ጭድ ነው፣ አይደለም፣ ገለባ ነው፣ ከብት ይበላዋል፣ አይበላውም ሲባባሉ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ።